ከቀለሙ በታች ያለው ቀለም

ቀለም የሚለው ቃል በቋንቋችን ብዙ ተሸክሟል። ጸሓፊው ብርዑን የሚያጠቅስበት ጥቁር ፈሳሽ ቀለም ነው፤ ቤት የሚያሳምረው ሠራተኛ በብሩሽ የሚያለብሰውም ቀለም ነው፤ ሕፃኑ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ሲማር ቀለም ቈጠረ ይባላል፤ የተማረውም ሰው ቀለም ቀመስ ይባላል። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ መካከል ስሙ የማይነሣ አንድ ቀለም አለ፤ እርሱም ዋናው ቀለም ከመቀባቱ አስቀድሞ የሚቀባው፥ ዋናው ከተቀባ በኋላ ግን ማንም አይቶ የማያመሰግነው የመሠረት ቀለም ነው። የጋራዥ ሠራተኞች «ፕራይመር» ይሉታል። ኻያ ዓመት ሙሉ ጠመኔ ይዤ ከሰሌዳ ፊት የቆምሁ ሰው ስለ እንዲህ ያለ ነገር እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ያነሣሣችኝም ርዝመቷ አንድ ስንዝር የማይሞላ የፕላስቲክ መኪና ናት።

ባለፈው ሰኔ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል በጀርመን አገር የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም ለልጃችን በመንገደኛ እጅ አንድ ካርቶን ላከለት። ልጃችን 13 ዓመቱ ነው። በካርቶኑ ውስጥ የነበረው፥ በጃፓን አገር ታሚያ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው፥ የ1966 እ.ኤ.አ. ቮልስዋገን 1300 አምሳያ ነው። ልኩ 1/24 ስለ ሆነ፥ 4 ሜትር ከ3 ሳንቲ ሜትር የምትረዝመው እውነተኛዋ መኪና በዚህ ስትቀነስ 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ትሆናለች። ክፍሎቿ ተለያይተው በፕላስቲክ ዘንጎች ላይ እንደ ፍሬ ተንጠልጥለዋል፤ ባለቤቱ እየቈረጠ፥ እያስተካከለና በማጣበቂያ እያያያዘ ይሠራታል። ቀለም ግን በካርቶኑ ውስጥ አልነበረም፤ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚረጨው ቀለም በቀላሉ የሚቀጣጠል በመሆኑ መንገደኛ በአውሮፕላን ይዞት እንዲሄድ አይፈቀድለትምና። ስለዚህ አጎትየው «ቀለሙን ከዚያው ፈልጉ» የሚል ወረቀት ጨምሮበት ነበር።

ከቮልስ ሌላ መኪና ልኮለት ቢሆን ኖሮ ነገሩ በጨዋታ ባለቀ ነበር። ነገር ግን አባቴ ከ1963 ዓ.ም. እስከ 1992 ዓ.ም. የነዱት መኪና ቮልስ ናት። ጀርባዋ የጎበጠውን፥ ሞተሯ ከኋላ የሚጮኸውን ይህችን መኪና ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የመጨረሻይቱ በሜክሲኮ አገር ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ሲሆን፥ በዚያን ጊዜ ከመጀመሪያይቱ አንሥቶ የተሠሩት ቁጥር 21,529,464 ደርሶ ነበር፤ በእኛ ጎዳና ላይ ግን እስከ ዛሬ ዳገት ሲወጡ የምናያቸው አሉ።

አባቴ 80 ዓመት አልፏቸዋል። ግላኮማ የተባለው የዐይን ሕመም ከያዛቸው ሰባት ዓመት ሆነ። ይህ ሕመም ዐይን ያየውን ወደ አእምሮ የሚያደርሰውን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚጎዳ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከዳር ጀምሮ ወደ መካከል ይመጣል። የጠፋውን ብርሃን የሚመልስ መድኃኒት የለም፤ ጠብታውም ሆነ ቀዶ ጥገናው የሚረዳው የቀረውን ለማቆየት ነው። (የታማሚው ወንድሞች፥ እኅቶችና ልጆች ከሌላው ሰው ይልቅ ለዚህ ሕመም የተጋለጡ ስለ ሆኑ፥ ሳይታመሙ በፊት ዐይናቸውን ቢያስመረምሩ መልካም ነው፤ እኔም በየዓመቱ እመረመራለሁ።) ልጄ ካርቶኑን በከፈተ ዕለት በሽፋኑ ላይ ያለውን ሥዕል ወደ አያቱ ፊት አስጠግቶ አሳያቸው። እርሳቸውም ወደ መስኮቱ ብርሃን መልሰው ጥቂት ከተመለከቱት በኋላ፥ «ቮልስ ናት፤ ጀርባዋ አይጠፋኝም» አሉት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የልጁ ሐሳብ አንድ ብቻ ሆነ፤ ይኸውም የአያቱን መኪና አስመስሎ ሠርቶ፥ ቀለሟንም በትክክል ቀብቶ፥ ዐይናቸው ጨርሶ ሳይደክም ሊያሳያቸው ነው።

እንግዲህ ችኮላው ከየት እንደ መጣ አንባቢ ይረዳል። ልጁ በዚያው ሳምንት ከሰፈራችን ሱቅ አንድ ጣሳ የዘይት ቀለምና ብሩሽ ገዝቶ ካልቀባሁ አለ። አስተማሪ ስለ ሆንሁ ክልከላ ብቻውን እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ ስለዚህ በቅድሚያ አራት የፕላስቲክ ማንኪያዎች አመጣሁለት። የመረጥሁትም ሲያጥፉት የማይታዘዘውንና ቀጭ ብሎ የሚሰበረውን ዓይነት ነው፤ ይህ ዓይነቱ ከመኪናዋ ጋራ አንድ የሆነው ፖሊስታይሪን ነውና። አንደኛውን ማንኪያ በእጁ ካሻሸው በኋላ እንዲሁ ቀባው። ሁለተኛውን አጥቦ ቀባው። ሦስተኛውን አጥቦ፥ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፥ ግራጫ የመሠረት ቀለም ረጭቶ፥ እርሱም ሲደርቅ ቀባው። በአራተኛው ላይ ግን ከቀለም ይልቅ አንዲት የቲነር ጠብታ ጣልን። ከሦስት ቀን በኋላ በጥፍር ጫርናቸው፥ የሚጣበቅ ፕላስተርም ለጥፈን በአንድ ጊዜ ላጥናቸው። የአንደኛው ቀለም እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ተነሣ፤ የሁለተኛው በጠርዙ በኩል ለቀቀ፤ ሦስተኛው ጸና። አራተኛው ማንኪያ ጠብታው ባረፈበት ቦታ ቀልጦ፥ ነጥቶና ጎድጉዶ ተገኘ። ልጁ ይህን አራተኛውን ብዙ ጊዜ አገላብጦ ተመለከተው፤ የመኪናዋ ጣሪያ ሆኖ የታየው ይመስለኛል።

ምክንያቱን ደግሞ እንመልከት። እንጨትም ሆነ ልስን ቀለምን ይመጥጣል፤ ፕላስቲክ ግን አይጠጣም። የመኪናዋ ገላ የሚሠራው ፕላስቲኩ በእሳት ቀልጦ በብርቱ ግፊት ወደ ብረት ቅርጽ እየገባ ነው፤ ፊቱ ለስላሳ ነው፥ ከቅርጹ የሚላቀቅበት ቅባትም ሆነ የሰው ጣት ወዝ ሊኖርበት ይችላል። እንዲህ ባለው ፊት ላይ የተቀባ ቀለም የተቀመጠ እንጂ የተያያዘ አይደለም። የመሠረት ቀለም ግን በውስጡ ያለው ማቅጠኛ የፕላስቲኩን ፊት በጥቂቱ አለስልሶ ስለሚጨብጥ፥ ሲደርቅም ደቃቅ ሻካራነት ስላለው፥ ከታችም ከላይም ያያይዛል። ማቅጠኛው ከበዛ ወይም ከበረታ ግን መጨበጡ ይቀርና ማቅለጥ ይሆናል፤ ለብረት ተብሎ የተዘጋጀው የመኪና ቀለም ለፕላስቲክ የሚያሠጋው ስለዚህ ነው። በማንኪያ ሳይፈትኑ በመኪናዋ ላይ መርጨት አይገባም፤ የሚረጨውም እጅግ ሳስቶ ነው።

የመሠረት ቀለም ሌላም ሥራ አለው፥ እኔም ከሁሉ የወደድሁለት ይህን ነው። በሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ ላይ ጭረትና ስርጉድ አይታይም፤ ብርሃኑ ዐይንን ያታልላል። ደብዛዛው ግራጫ ሲያርፍበት ግን ትንሽ የመሰለችው ሁሉ ትጋለጣለች። ግራጫ ገመና አይሸፍንም። ስለዚህ የመጀመሪያው ርጭት እንደ መሸፈኛ ሳይሆን እንደ መርማሪ መቈጠር አለበት።

ልጁ በማንኪያዎቹ አመነ፤ ነገር ግን ሌላ ችግር መጣ። ክረምቱ ገባ። እርጥበት በበዛበት አየር የተረጨ ቀለም ብዙ ጊዜ ወተት እንደ ፈሰሰበት ሆኖ ይነጣል። ይህም የሚሆነው ማቅጠኛው ሲተን ከቀለሙ ፊት ሙቀት ስለሚወስድ ነው፤ ፊቱ ይቀዘቅዛል፥ በቀዝቃዛ ጠርሙስ ላይ ጤዛ እንደሚያዝ ሁሉ በአየሩ ያለው እንፋሎትም በቀለሙ ላይ ይያዛል። ሐምሌና ነሐሴ እንዲህ ላለው ሥራ አይሆኑም፤ ፀሓይ የሚወጣበትን ወራት መጠበቅ ነበረብን። ይህን ስነግረው ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝና፥ «እስከዚያ ድረስ አባባ ባያዩስ?» አለኝ።

በሰሌዳ ላይ የሚጻፍ መልስ አልነበረኝም። የተበላሸ ቀለም ቢያዩ ይሻላል ወይስ ያልተበላሸውን ባያዩ ይሻላል ብሎ ለልጅ ማስላት አይቻልም። ያልሁት፥ «ያለ ቀለም የሚሠራው ሁሉ ዛሬ ይጀመር፤ ፀሓይ በወጣች ቀን አንዲት ሰዓት እንዳናባክን» ብቻ ነው።

ያለ ቀለም የሚሠራው ደግሞ ጥቂት አልነበረም። ገላዋን ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፥ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጉድጓድ ጉድጓዷን ሳይቀር አጠባት። የብረቱ ቅርጽ ሁለት ወገን የሚገጥምበት ቦታ በፕላስቲኩ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ስፌት ይተዋል፤ ይህን በምላጭ ጀርባ ፍቆ፥ በ400 ቁጥር፥ ቀጥሎም በ600፥ በመጨረሻም በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እየነከረ አለሰለሰው። የበሮቹንና የኮፈኑን መስመሮች ቀለም እንዳይደፍናቸው በመርፌ ጫፍ ጥቂት አጠለቃቸው። በአንዱ ማታ ምላጩ አዳልጦት ከኋላ መስተዋቱ በላይ ጣሪያዋን ጫረባት። አለቀሰ። ጭረቱን በቀጭን ስቱኮ ሞላው፥ አንድ ቀን አደረቀው፥ ፈገፈገው፤ በዐይን ሲታይ ጠፋ።

ድቁና ስማር ብራና ሲዘጋጅ ተቀምጬ አይቻለሁ። ቆዳው በውሃ ይዘፈዘፋል፥ በእንጨት ላይ ይወጠራል፥ ሥጋውና ጠጉሩ ይፋቃል፥ ደርቆ እንደ ገና ይፋቃል፤ ቅባት በቀረበት ቦታ ላይ ቀለም አይይዝምና። በዚያን ጊዜ ሥራው ሁሉ መጻፉ ይመስለኝ ስለ ነበረ ፋቂውን እንደ ቀን ሠራተኛ እቈጥረው ነበር። የልጄን እጅ በሐምሌ ዝናብ ድምፅ መካከል ወዲህና ወዲያ ስትመላለስ ሳይ ያ ፋቂ ትዝ አለኝ፤ ስሙን እንኳ አላውቀውም።

ወደ ነሐሴ መካከል ላይ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ተነሣ። መኪናዋ ምን ዓይነት ቀለም ነበራት? አባቴ ሳያመነቱ «ሰማያዊ» አሉ። እናቴ ከጓዳ ሰምተው፥ «ምነው! አረንጓዴ አይደለችም እንዴ? የሠርጋችን ዕለት የተቀመጥሁባት አረንጓዴ ናት» አሉ። በእጃችን ያለው ፎቶግራፍ ጥቁርና ነጭ ነው፤ መኪናዋ በእርሱ ላይ ግራጫ ናት፥ እንደ መሠረት ቀለሙ። እኔ በልጅነቴ የማስታውሳት አረንጓዴ ሆና ነው፤ ነገር ግን አባቴ በሰማያዊው ጸኑ። በግላኮማ የተያዘ ዐይን ሰማያዊውን ከአረንጓዴው የመለየት ኃይሉ ሊደክም እንደሚችል ሐኪም ነግሮን ስለ ነበረ፥ ባለቤቴና እኔ ተያየን። ዐይናቸው ነው ወይስ ትዝታቸው? ይህን ጥያቄ በፊታቸው የሚያነሣ ከመካከላችን አልተገኘም።

በመኪና አምሳያ ሥራ ቀለም እንደ ተራ ነገር አይታይም። በአሜሪካ አገር በ1948 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ኤ.ኤም.ቲ. የተባለው ኩባንያ ሥራውን የጀመረው ለመኪና ሻጮች የሚሆኑ ትንንሽ ማሳያዎችን በመሥራት ሲሆን፥ ማሳያዎቹ የሚወጡት በእውነተኞቹ መኪናዎች የፋብሪካ ቀለም ነበር፤ ገዢው ራሱ እየገጠመ የሚሠራቸው የዚህ ኩባንያ አምሳያዎች የተስፋፉት ከ1958 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ቮልስዋገንም ለየቀለሙ «ኤል» በሚለው ፊደል የሚጀምር ቁጥር ይሰጥ ነበር። ይሁን እንጂ የእኛይቱ መኪና ከተሸጠች ብዙ ዘመን ስለ ሆነ ቁጥሯም አብሯት ሄዷል።

መፍትሔው የተገኘው ከዶሮ ቤት ነው። በ1981 ዓ.ም. አንድ የጭነት መኪና የቮልሷን የግራ ፊት ፓራፋንጎ ጨፍልቆት ነበር። የቮልስ ፓራፋንጎ በብሎን የታሰረ ስለ ሆነ ተፈትቶ በሌላ ይተካል፤ እናቴም ብረት መጣል ስለማይወዱ የተጨፈለቀውን ከቤት በስተኋላ ለዶሮዎቹ የበር ጥላ አድርገውት ኖረዋል። ልጁ አውርዶ አጠበውና በውሃ እየነከረ በብርጭቆ ወረቀት ክብ አድርጎ ይፈገፍገው ጀመር። እነሆ፥ በካርታ ላይ የተራራን ከፍታ እንደሚያሳዩት መስመሮች ያሉ ቀለበቶች አንዱ ከሌላው ውስጥ ወጡ። ከውጭ አረንጓዴ፤ በእርሱ ውስጥ ቀጭን ግራጫ፤ በግራጫው ውስጥ ሰማያዊ፤ ከዚያ ሌላ ግራጫ፤ በመካከል ብረቱ። በአንድ በኩል አረንጓዴው በጥፍር ሲነካ እንደ ደረቀ ቅጠል ይነሣ ነበር፤ ከሥሩ ሰማያዊው እንዳብለጨለጨ ነው፥ በመካከላቸው ግራጫ የለም። ቀቢው ያን ቦታ ሳይፈገፍግና ያለ መሠረት ቀብቶት ኖሯል። ልጁ፥ «አባዬ፥ የሁለተኛው ማንኪያ ዓይነት ነው» አለ።

ፓራፋንጎውን ወደ አባቴ አመጣንላቸው። በጣታቸው ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሱና ዝም አሉ፤ ጥቂት ቈይተው ግን መሣቅ ጀመሩ። ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዋን በ1963 ዓ.ም. ሲገዟት አምስት ዓመት ያገለገለች፥ ሰማያዊ ቀለሟም በፀሓይ የደበዘዘ ነበረች። በጥር 1966 ዓ.ም. ሠርጋቸው ሲደርስ፥ «ሙሽራዪቱን በአሮጌ መኪና ወሰዳት» እንዳይባሉ ሠግተው በሁለት ሳምንት ውስጥ አረንጓዴ አስቀቧት። እናቴ የሚያውቋት ከዚያ ወዲህ ነው። አባቴ ግን ከደመወዛቸው እያጠራቀሙ የገዟት ሰማያዊዪቱ ስለ ሆነች በልባቸው ሰማያዊ ሆና ቀረች።

እናቴ እጃቸውን በወገባቸው አድርገው፥ «ከሃምሳ ዓመት በላይ አብረን ስንኖር አዲስ መኪና መስላኝ ነበር እኮ!» አሉ።

«መስላሽ ነበር፤ ያስቀባኋትም እንድትመስልሽ ነው» አሏቸው።

ልጁ እንግዲህ የቱን እንደሚቀባ ጠየቃቸው። አባቴ ለመመለስ ጥቂት ዘገዩ። ከዚያም፥ «አረንጓዴ ይሁን። እኔ በእጄ ነው የማያት፥ እጅ ደግሞ ቀለም አይመርጥም። በዐይኗ የምታያት እርሷ ናት» አሉ። በዚያን ቀን ገና ቀዩን ከቢጫው ይለዩ ነበር።

ፓራፋንጎውን ተሸክመን መርካቶ ሄድን። የታክሲው ረዳት እንደ አንድ ሰው ቈጥሮ አስከፈለን፤ ወንበር ይዟልና አልተከራከርሁም። ቀለም የሚመሳሰለው በሱቅ መብራት ሥር ሳይሆን በፀሓይ ስለ ሆነ፥ ሦስት የአረንጓዴ ቆርቆሮዎችን ከሱቁ ደጃፍ አውጥተን ከፈገፈግነው ቦታ ጋራ አስተያየናቸውና የሚቀርበውን ወሰድን። ልጁ በራሱ ፈቃድ አዳዲስ ማንኪያዎች ገዝቶ ያንኑ አረንጓዴ በነጭ መሠረትና በግራጫ መሠረት ላይ ሞከረው። በነጩ ላይ ያረፈው የጠራ ቄጠማ መሰለ፤ በግራጫው ላይ ያረፈው ጠቆር አለ። ከፓራፋንጎው ጋራ የተስማማው በግራጫው ላይ ያረፈው ነው።

መስቀል አለፈ፥ ሰማዩም ጠራ። በጥቅምት አንድ ቅዳሜ፥ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ጤዛው ተንኖ ነፋሱ ገና ሳይነሣ፥ አቧራው እንዳይነሣ ግቢውን ውሃ ረጭተን ሥራውን ጀመርን። እናቴ ከሰል አቀጣጥለው ቡና ሊያፈሉ ነበርና ወደ ማዶ በረንዳ እንዲዛወሩልን ለመንናቸው። ይህን ለቤተሰብ ሁሉ አጥብቄ እናገራለሁ፤ ከቆርቆሮው ቀለሙን የሚገፋው ጋዝ በፍም አጠገብ ሲደርስ የሚቀጣጠል ነው። በዝግ ክፍል ውስጥ መርጨትም ሳንባን ይጎዳል፤ አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን ደግሞ የቀለሙን ጢስ አያግድም። ሜዳ ላይ፥ ነፋሱን ወደ ጀርባ አድርጎ ነው የሚረጨው።

ቆርቆሮውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቈየነው፤ በሙቀቱ ግፊቱ ስለሚጨምር ርጭቱ ይደቅቃልና፤ በፈላ ውሃ ወይም በእሳት ግን ፈጽሞ አይሞከርም። ሁለት ደቂቃ ያህል ናጠው። ገላዋን በጠርሙስ አፍ ላይ አስቀምጦ በ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት፥ ርጭቱን ከገላዋ ውጭ ጀምሮ በላይዋ እያሳለፈ ከገላዋ ውጭ ያቆም ነበር፤ በላይዋ ላይ ከተጀመረ ወይም ከቆመ ቀለሙ ተከማችቶ ይፈስሳልና። የመጀመሪያው ርጭት እንደ ጉም ብቻ ነው፥ ፕላስቲኩ ገና ይታያል። ልጁ በዚህ ጊዜ፥ «ትንሽ ልጨምርባት» ቢለኝ በአሸዋው ላይ በእንጨት ሒሳብ ጻፍሁለት። የእውነተኛ መኪና ቀለም ከነመሠረቱ ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ዐሥረኛ እጅ ያህል ነው። ይህንኑ ውፍረት በትንሿ ላይ ብናለብስ፥ በ24 ሲባዛ 2.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ እንግዲህ እውነተኛዋን ቮልስ እንደ ግድግዳ ለሰንናት ማለት ነው። ሒሳቡን አይቶ ቆርቆሮውን አስቀመጠ።

ግራጫው በደረቀ ጊዜ የጣሪያዋ ጭረት ተመልሶ ታየ፤ እንደ ጠጉር የቀጠነ፥ ግን ያው። እንደ ገና ስቱኮ፥ እንደ ገና ብርጭቆ ወረቀት፥ እንደ ገና ግራጫ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አረንጓዴው በየአሥራ አምስት ደቂቃው ሦስት ጊዜ ተረጨ፤ የመጨረሻው ጥቂት ረጠብ ብሎ ስለ ተረጨ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ መስተዋት ተኛ። ወዲያው በሳፋ ከደንናት።

ሕመሙ በዚያው ክረምት በአባቴ ላይ ፈጥኖ ነበር። ጥቅምት ሲገባ የሚለዩት ብርሃንና ጥላ ብቻ ሆነ፤ ሰው በበሩ ሲገባ ያውቃሉ፥ ማን እንደ ሆነ ግን በድምፁ ነው። ልጁ ይህን ያውቅ ነበር። የክረምቱን ጥያቄ ዳግመኛ አላነሣብኝም፥ እኔም አላነሣሁበትም።

ቀለም በላዩ ሲደርቅ በውስጡ አልደረቀም። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ይህን የሚለዩት በአፍንጫ ነው፤ የማቅጠኛው ሽታ እስካለ ድረስ አይነካም። በዚህ ነገር ከቤታችን ከአባቴ የሚበልጥ አልተገኘም። ልጁ በየማታው ሳፋውን ገለጥ አድርጎ ያስጠጋላቸዋል፥ እርሳቸውም አሽትተው «ገና ነች» ይላሉ። በስምንተኛው ቀን፥ «አሁን ሽታዋ የቤት ሽታ ነው» አሉት።

በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። አውራ ጣታቸውን ከፊት ኮፈኑ ጀምረው በመስተዋቱ ክፈፍ ላይ ወደ ጣሪያው፥ ከጣሪያው ወደ ጎበጠው ጀርባ አሳለፉት፤ በበሩ መስመር ላይ ጥፍራቸው ገባና «በሯ ይኸው» አሉ። ከዚያ ወደ ጣሪያው ተመልሰው ከኋላ መስተዋቱ በላይ ባለው ስፍራ ጣታቸውን አቆሙ። «እዚህ ጋ ቈስላ ነበር?» ሲሉ ልጁ ወደ እኔ አየ። ከስቱኮው በላይ ሁለት ጊዜ ግራጫ፥ ሦስት ጊዜ አረንጓዴ ነበረ፤ እኔ በመነጽር ብፈልግም ምንም አላየሁም። ልጁም የሆነውን ሁሉ ነገራቸው፤ ስለ ምላጩም፥ ስለ ለቅሶውም። አባቴ፥ «እውነተኛይቱም እዚያው አካባቢ ስርጉድ ነበረባት» አሉት። እውነት ይሁን ወይም ለልጁ ብለው ይሁን አልጠየቅኋቸውም።

ልጁ ግን 2000 ቁጥር ወረቀት ውሃ ነክሮ አመጣና በእጃቸው አስያዛቸው፤ የት ላይ እንደሚፈገፈግ የሚያውቁት እርሳቸው ናቸውና። እናቴ ከጓዳ ወጥተው መኪናዋን ወደ ፀሓይ አዙረው ተመለከቷትና «ትንሽ ጠቆር አላለችም?» አሉ። የሚያብረቀርቀው የላይ ልባስ ገና አልተረጨም፤ ጎማዎቿም አልተገጠሙም። የሚረጭበትን ቀን የሚወስኑት አባቴ ናቸው።